የእትዬ መርፌ ቅናት

ወደ ማስተምርበት ክፍል ስሄድ፣ የኮሌጁ የተማሪዎች ምክር አገልግሎት በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎረቤቴን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙያቸውም በምላሳቸውም «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ያን ዕለት ግን ፊታቸው ደም መስሎ የቦርሳቸውን ማንገቻ ይጠመዝዙ ነበር።

«ምነው እትዬ፣ በሰላም ነው?» አልኳቸው።

«ከገዛ ልጄ አጠገብ አስነሡኝ፣ መምህር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድያ ልጃቸው የኮሌጁ ተማሪ ናት። ከክፍል ከቀረች ሰንብታለች፤ እህል አይወርድላትም፤ ለመኝታ ክፍል ጓደኛዋም «ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር» ብላታለች። ጓደኛዋ ደንግጣ እናቲቱን ጠራች፤ እሳቸውም ልጃቸውን ይዘው ወደ አማካሪዋ መጡ። እዚህ ድረስ እሰየው ነው። ከዚያ ግን አማካሪዋ ልጅቷን በጠየቀች ቁጥር መላሿ እናት ሆኑ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው ስትባል «ድሮም እንቅልፋም ናት»፤ ምን ያስጨንቅሻል ስትባል «ምን ጎድሎባት» እያሉ። አማካሪዋም ለጥቂት ጊዜ ውጪ እንዲጠብቁ በትሕትና ለመነቻቸው።

«ብቻዬን ነው ያሳደግኋት። እናቷም እህቷም ጓደኛዋም እኔ ነኝ። ለእኔ ያልነገረችውን ዛሬ ላየቻት ባዳ ልትዘረግፍ?» አሉኝ።

እኔም ዝም ማለት አልፈጠረብኝምና፣ የያዛቸው ቅናት መሆኑን ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ተቆጡ። ገበና በቤት ይያዛል፣ የእናት ምክር ይበቃል፣ ሰው ከሰማ «አበደች» ይላታል አሉ። አእምሮም እንደ ሌላው አካል እንደሚታመም፣ አማካሪዋ ለዚሁ እንደተማረች፣ የልጅቷን ምስጢር በየሰፈሩ እንደማታወራ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት ዘረዘርኩላቸው። ስብከቴ ከጆሯቸው አላለፈም።

«ከእኔ በላይ የሚወዳት አለ?» አሉ።

«የለም። ያልነገረችዎትም ለዚሁ ነው፣ እትዬ። እርስዎ እንዳያለቅሱ ብላ ታፍነዋለች። አማካሪዋ ፊት ግን የምትጠነቀቅላት እናት ስለሌለች ስለ ራሷ ብቻ ታወራለች።»

የቦርሳቸውን ማንገቻ መጠምዘዝ ተዉ።

«እኔን ስታስታምም ነው የከረመችው በለኛ» አሉ በመጨረሻ።

ተነሥተው በሩን ከፈት አደረጉ። «ለእኔ ያላልሽውን ሁሉ ንገሪያት፤ አልቀየምሽም» አሏትና ራሳቸው መልሰው ዘግተውት ተቀመጡ። ከውስጥ የልጅቷ ለቅሶ ሲሰማ ብድግ አሉ፤ ከዚያ እጄን ጨብጠው እንደገና ተቀመጡ። «አሁንም ቀንቻለሁ» አሉኝ።

ልጅቷ ምክሩንም፣ አማካሪዋ የላከቻት ሐኪም ያዘዘላትንም ሳታቋርጥ ተከታተለች። ቀስ በቀስ እንቅልፏ ተመለሰ፣ ክፍልም ገባች። ዛሬ አልፎ አልፎ ለእናቷም የከፋትን ትነግራለች።

እትዬ መርፌም የልጇ ነገር ያስጨነቃት ደንበኛ ስትመጣ መቀሱን አስቀምጠው ይመክራሉ። «ነገ ዛሬ ሳትዪ ወደ አማካሪ ውሰጃት። አንቺ ግን ውጪ ተቀመጪ። ቅናቱ ያንገበግብሻል፤ ልጅሽ ግን ትተርፍልሻለች።»