ስልክ የማትለቀው ነርስ

አባቴ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ክሊኒክ ተኝተዋል። እኔ መርካቶ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ ሰው ቶሎ አላምንም። ነርሷን ደግሞ ጭራሽ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትልና አባቴን በሌላ ጎናቸው አስተኝታ ስልኩን ትነካካለች። አንድ ቀን ጀርባቸውን ገልጣ ፎቶ አታነሳ መሰላችሁ! «አንቺ! ሽማግሌ አራቁተሽ ፌስቡክ ላይ ልትለጥፊ ነው? አሁኑኑ አጥፊው!» ብዬ ጮህኩባት።

«መጀመሪያ ይዩት» ብላ የትናንቱንና የዛሬውን ፎቶ ጎን ለጎን አሳየችኝ። «በአንድ ጎን ብቻ ከተኙ ገላቸው ይቆስላል፤ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይገባል። ስልኩ የሚጮኸው የማገላበጫ ሰዓት ሲደርስ ነው፤ ፎቶውም ቅላቱን ለመከታተል ነው።» እኛ ጨርቅ ሻጮች ዘንድ ቀለም በሱቅ መብራት አይታመንም፤ ጨርቁ ደጅ ወጥቶ በፀሐይ ነው የሚታየው። ስልኩን ቀምቻት በረንዳ ወጣሁ። በፀሐዩ ስክሪኑ ላይ የታየኝ የራሴ ፊት ብቻ! ተመልሼ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥኩና የአባቴን ጀርባ ራሱን ከትናንቱ ፎቶ ጋር አስተያየሁት። ወገባቸው ላይ ቀልቶ የነበረው ቦታ ደብዝዟል። በሕይወቴ ቀለም ሲደበዝዝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን የምጠረጥረው ስልኩ ዝም ሲል ነው። «ሲስተር» እላታለሁ፣ «ባትሪሽ አልቆ እንዳይሆን!»