የአንድ ጉድጓድ ሁለት ውሃ

በእኛ ጊዜ ውሃ ሲያንስ ጉድጓዱን ወደ ታች መጨመር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለም፤ እኔም ከሸሕዲ ከተማ ወዲህ ያለችውን ጉድጓዴን በአንድ በጋ አራት ክንድ ጨመርኳት እና ውሃዋ ሞላ። ታዲያ ሰሊጥ ሲደርስ ውሃው ጨው ጨው አለ። እናንተዬ፣ ጨው! ሚስቴ «ሻዩ ላይ ማን ነው ጨው የጨመረ?» አለች። እኔ ወዲያው አወቅሁ። ሠራተኞቹ ናቸዋ! ከጎጃም ለአጨዳ መጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ዳስ የጣሉት። «በሳሙና አበላሻችሁት፤ ከእንግዲህ እንዳትቀዱ!» አልኳቸው። አለቃቸው ይሁኔ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ «አያ ታከለ፣ ሳሙና እኮ አረፋ እንጂ ጨው አይወጣውም» አለኝ። «ታስተምረኛለህ?» አልኩት። አስተምሮኝ ነበር፣ እኔ አልሰማሁም እንጂ።

ታዲያ በዚያ ፀሐይ ወንዝ ድረስ እየሄዱ መቅዳት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ጎልማሳ መንገድ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ እና በጋሪ አመጡት። ተረፈ። ውሃው ግን እነሱ ሳይቀዱትም ጨው ጨው ማለቱን አልተወም።

እና ከወረዳ ሙሉ የምትባል የውሃ ባለሙያ መጣች። ትልቅ መሣሪያ ስጠብቅ አንድ ጠርሙስ፣ ድንጋይና ሁለት ሲባጎ አወጣች። «ይኸው ነው?» አልኳት። «ይኸው ነው፣ አባቴ።» ጠርሙሱ ላይ ድንጋዩን አሰረች፣ አፉን በቡሽ ወተፈች፤ አንዱን ሲባጎ በየክንዱ ቋጥራ ጠርሙሱን አወረደችበት፣ የፈለገችው ጥልቀት ሲደርስ ቡሹን እሱ ላይ በታሰረው በሌላው ሲባጎ ሳበችው። ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ የዚያው ቦታ ውሃ ገባላት። ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች ሦስቴ እንዲህ ቀዳች እና እስክሪብቶ የምታህል የጨው መለኪያ ነከረችበት።

«ላዩ ደህና ነው። መካከሉም። ጨው ያለው ታች ነው፤ ባልዲያችሁ ከባድ ስለሆነ ከዚያ ነው የሚቀዳው። ታችኛውን ማን ቆፈረው?»

ሲባጎዋን አንስቼ መጠቅለል ጀመርኩ።

«አባቴ፣ ማን ቆፈረው?»

«ሰው ነው» አልኳት።

ታዲያ ውሃውን አሟጥጠን ያንን አራት ክንድ በድንጋይና በጭቃ በእጄ ደፈንኩት። አዲሱ ውሃ ሲሞላ እሷ እንደገና ለካችው፣ እኔም አንድ ጀሪካን ቀድቼ ወደ ዳሱ ሄድኩ። ሁሉም እያዩኝ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ያ ወድቆ የነበረው ሰው ከተኛበት ቀና አለና «ይቅር ብያለሁ፤ ግን መጀመሪያ እርስዎ ይጠጡት» አለኝ።

ጠጣሁ። ጣፋጭ ውሃ ነበር። ከዚያ ጀሪካኑን ለእሱ አቀበልኩት።