ትራክተሯን ያዳነ ጩኸት

እዚህ ሪያድ የሚያሠራኝ ከፊሌ ለአትክልት ቦታው በትራክተር የሚጎተት አሮጌ የአፈር መፈልፈያ ገዝቶ መጣ። ከትንሿ ትራክተራችን ኋላ ልገጥመው ብል ማያያዣ ጆሮዎቹ ከትራክተሯ ክንዶች ሰፍተው እምቢ አሉ። "ዛሬ ካልገጠመ ሁለቱንም እሸጣቸዋለሁ" አለኝ። ትራክተሯ ከሄደች እኔም ወደ አካፋ መመለሴ ነው። ያላ ብዬ ሁለቱንም አስጭኜ ጉበይራ ሰፈር አንድ ብረት በያጅ ዘንድ ሄድኩ።

በያጁ ጠይም ወጣት ነው፤ ዐረብኛው እንደ ውሃ ይፈሳል። ሱዳናዊ መሰለኝ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ የመፈልፈያውን ጆሮ ቆርጦ እንዲያጠብብልኝ አስረዳሁት። "ኸላስ፣ ገባኝ" ብሎ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን አስነሳና በቀጥታ ወደ ትራክተሯ ክንድ! ዐረብኛው ሁሉ ጠፋብኝ። "ኧረ ተው! እንዳትቆርጠው!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

እጁ ቀጥ አለ። መነጽሩን አነሳና "ሐበሻ ነህ እንዴ?" አለኝ በሚኮላተፍ አማርኛ። ለካ እዚሁ ሪያድ ተወልዶ ያደገ የኛው ልጅ ነው።

"እንዴት ቶሎ አቆምክ ወንድሜ?" አልኩት።

"በአማርኛ የሚጮህብኝ እናቴ ብቻ ናት፤ ሳላስብ እጄ ቆመ።"

ስንስቅ ቆየንና ትክክለኛውን ጆሮ ቆርጦ አጥብቦ በየደው። ከሰዓቱን መሬቱን ስፈለፍል ከፊሌ ዳር ቆሞ እያየ ፈገግ አለ።

ዓርብ ልጁ ቤታቸው ምሳ ጠራኝ። እናቱ በር ላይ ተቀብለውኝ "የጮህክበት አንተ ነህ አሉ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ፣ ይቅርታ" አልኩ ደንግጬ።

"ምን ይቅርታ! እስቲ አስተምረኝ፤ እኔ ስጮህ አንድ ቀን እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም!"