የተሸፈኑት አራት ምርጫዎች

ዕውቀቱን በሸመደደው ቃል ብዛት የሚለካ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር አንድ ሐሙስ ቀን ትዝ ይለኛል። እኔ በሆስፒታላችን መድኃኒት ቤት በመስኮት በኩል መድኃኒት የማድል ሰው ነኝ። በዚያን ቀን የምሳ ሰዓት ደርሶ መስኮቴን ዘጋሁና ለሴቶች ክፍል የታዘዘ የግሉኮስ ካርቶን ተሸክሜ ስወጣ፣ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ የድሮ የእንግሊዝኛ መምህሬን ከታናሽ እህታቸው ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። መምህሩ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው ነው።

እኚህን ሰው ከተማሪዎቻቸው መካከል በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። «መዝገበ ቃላት» ነበር የምንላቸው። ቅጽል ስሙን የሰሙ ዕለት ይቆጣሉ ብለን ስንፈራ ጭራሽ ደረታቸውን ነፉበት። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው፣ አምስት ሺህ ቃል የተጻፈባቸውን ደብተሮች ይዘው ጡረታ ወጡ።

እህታቸው በሴቶች ክፍል የነርስ ረዳት ናት። አልጋ ታነጥፋለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ መነሳት ያቃታቸውን ታጥባለች። በሽተኞቹ «እህት ዓለም» ይሏታል፤ እኛም ስሟን ከነሱ ተውሰናል። እኔና እሷ አንድ ክፍል ተምረናል። እናቷ ስትታመም አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ቤት ቀረች፤ ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት እንደነበራት ለመናገር አላፍርም። አሁን በአርባ አንድ ዓመቷ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ለዚህም የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ማለፍ አለባት። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ወድቃለች። የነርስ ማሠልጠኛው ደንብ ደግሞ ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቅድም። የመጨረሻው ፈተና ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

መምህሩ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «እንኳን መጣህ ልጄ! ና ፍረደን!» አሉኝ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ምን ተፈጠረ?»

«ይቺ እህቴ አብዳለች። እየው እስቲ ጉዷን!»

ጉዱን አየሁት። እህት ዓለም ጉልበቷ ላይ የመለማመጃ መጽሐፍ ዘርግታለች። በገጹ ላይ አንድ ቃል የጎደላቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው በታች አራት ምርጫዎች ተደርድረዋል። እሷ ታዲያ ከጓንት ካርቶን የቆረጠችውን ቁራጭ ይዛ አራቱን ምርጫዎች ሸፍናቸዋለች።

«መልሱ ያለው ከታች!» አሉ መምህሩ፣ በጣታቸው ካርቶኑን እየጠቆሙ። «ከአራቱ አንዱ ነው። እሷ ግን መልሱን ሸፍና ባዶው ቦታ ላይ ታፈጣለች። ሰው ቁልፉን ደብቆ በሩን ያንኳኳል?»

«ወንድም ጋሼ፣ አይቆጡ፤ ላስረዳዎት» አለች እሷ በተለመደው ዝግተኛ ድምጿ። «መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ከዚያ ጎደሎው ምን ዓይነት ቃል እንደሚፈልግ በራሴ አባባል እናገራለሁ። ምርጫዎቹን የምገልጠው ከዚያ በኋላ ነው። ያሰብኩትን የሚመስለውን እወስዳለሁ።»

«ይሄ ግምት ነው! ግምት ደግሞ የሰነፍ ሥራ ነው። ቃሉን ካወቅሽው ትመርጪዋለሽ፤ ካላወቅሽው ሂጂና ሸምድጂ። የሰጠሁሽ ደብተር የት ሄደ?»

«አለ ወንድም ጋሼ፤ አልጣልኩትም።»

ካርቶኔን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። መምህሬን አከብራቸዋለሁ፤ ዛሬ በመድኃኒት ወረቀት ላይ ከማነባቸው ቃላት ግማሹን ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን የእህት ዓለም ፊት ላይ ያየሁት መረጋጋት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ለፈተና ስትዘጋጅ ያላየሁት ነበር።

«አንዱን አሳዪን እስቲ» አልኳት።

እሷም አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አነበበች። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ የሚል ነው፤ «በሽተኛው መድኃኒቱን ሳያዛንፍ ቢወስድም፣ ትኩሳቱ ግን…»

«እዚህ ላይ ቃሉ ጎድሏል» አለች። «መድኃኒት የወሰደ ሰው ትኩሳቱ ይወርዳል። ‹ቢወስድም› እና ‹ግን› ስላሉ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስለዚህ ‹አልወረደም› ወይም ‹ባሰ› የሚል ነው የሚፈልገው።» ካርቶኑን ገለጥ አደረገች። ሦስተኛው ምርጫ «ጨመረ» ይላል።

«ይሄንን ከማን ተማርሽው?» አልኳት።

«ከማንም። ከበሽተኞቹ ነው።» አፈር አለች። «የደከመ ሰው ንግግሩን አይጨርስም እኮ። አንዷ ‹ትናንት ትንሽ እህል ቀምሼ ነበር፣ ዛሬ ግን…› ብላኝ ዓይኗን ትከድናለች። ያችን ሴት ምን ልትይ ነው ብዬ አልጠይቃትም። ‹ግን› ካለች ዛሬ አልበላችም ማለት ነው። ‹ጎኔን ስለሚያመኝ…› ካለች ደግሞ ላገላብጣት ይገባል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ንግግር ስጨርስ ነው የኖርኩት።»

በየቀኑ በዚያ ክፍል በር አልፋለሁ፤ ይህቺ ሴት እዚያ ውስጥ ይህን ያህል ረቂቅ ሥራ ትሠራለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መምህሩ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «እሱ አማርኛ ነው!» አሉ።

«እንግሊዝኛውም ‹ግን› አለው፣ ወንድም ጋሼ።»

ሳቄ አመለጠኝ። መምህሩ ገላመጡኝ።

«‹ግን›፣ ‹እንጂ›፣ ‹ስለዚህ›፣ እነዚህ ምናምን ናቸው» አሉ። «ቃል አይባሉም። በደብተሬ ውስጥም አላስገባኋቸውም። ተማሪ ከባድ ከባዱን ቃል ይያዝ እንጂ እነዚህንማ ሕፃንም ያውቃቸዋል።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ‹ከምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አይወሰድም› የሚል አለ። ከባድ ከባዱን ቃል አንብቦ ‹እንጂ›ን የዘለለ ሰው ለበሽተኛው ምን ይነግረዋል? እኛ ቤት ሰው የሚጎዳው በረጅሙ ቃል አይደለም። በአጭሩ ነው።»

መምህሩ ትንሽ አሰቡና ኮታቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። «በወሬ አንረታታም። ከመጽሐፉ አሥር ዓረፍተ ነገር ምረጥ። እሷም ትሥራ፣ እኔም ልሥራ። መልሱ ከኋላ አለ፤ አንተ አርም።»

ሁለት ወረቀት ቀደድኩና ሰጠኋቸው። መምህሩ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሰው እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እህት ዓለም እየሸፈነች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እየገለጠች አሥር ደቂቃ ወሰደባት።

አረምኩ። አንዴ አርሜ ስላላመንኩ ደገምኩት።

«ስንት አመጣሁ?» አሉ መምህሩ።

«አራት፣ ጋሼ።»

«እሷስ?»

«ስምንት።»

መምህሩ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝ። ያልገባቸው አንድም ቃል አልነበረም። ዳሩ ግን የሳቷቸውን ስድስቱን ስንመለከት ነገሩ ግልጽ ሆነ። ለምሳሌ አንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዘበኛው ፊቱ የጠቆረ ቢመስልም፣ የሚያውቁት ሁሉ … ሰው ነው ይሉታል» ይላል። ምርጫዎቹ «ጨካኝ»፣ «ደግ»፣ «ረጅም» እና «ግርማ ሞገሳም» ነበሩ። መምህሩ «ግርማ ሞገሳም» የሚለውን ከበውታል።

«ለምን ይሄን መረጡ?» አልኳቸው።

«ትልቅ ቃል ነዋ! ከአራቱ የተማረ ሰው ብቻ የሚያውቀው እሱ ነው።» ይህን እንዳሉ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት።

በስድስቱም እንዲሁ ነበር። ዓይናቸው ገና ወደ ምርጫዎቹ ሲወርድ የሚያውቁት ከባድ ቃል ይጠራቸዋል፣ እሳቸውም አቤት ብለው ይሄዳሉ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም።

«እነዚህ ምርጫዎች ወጥመድ ናቸው፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህታቸው ቀስ ብላ። «እኔም ሁለት ጊዜ ገብቼባቸዋለሁ። ‹በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ› እንደሚባለው ነው። ሳሩን የምሸፍነው ለዚህ ነው።»

መምህሩ የእሷን ወረቀት አንስተው የሳተቻቸውን ሁለቱን አዩ። «እዚህስ ምን ሆንሽ?»

«ምን ዓይነት ቃል እንደሚፈልግ አውቄያለሁ። ‹የሚያዳላ› የሚል ነበር ያሰብኩት። ስገልጠው ግን አራቱንም ቃላት አላወቅኳቸውም።»

«ሁለተኛው ነው እኮ! በደብተሩ ውስጥ አለ!»

«አለ። ግን ብቻውን ነው ያለው። ከነትርጉሙ ሸመደድኩት፤ ሰው ሲናገርበት ስላላየሁት ጠፋብኝ። የእርስዎ ቃላት ያስፈልጉኛል፣ ወንድም ጋሼ። እንዲህ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢሰጡኝ ነው የምፈልገው።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህችን ሴት ልብ በል። ረታለች፤ ወንድሟን ግን አላዋረደችም። የሚያውቁትን አልናቀችባቸውም፣ የሚጎድላቸውን ብቻ አሳየቻቸው። ብዙ የተማርን ሰዎች አዲስ ነገር ስናመጣ አሮጌውን በእግራችን ረግጠን ነው። ሰው ታዲያ አዲሱን የሚጠላው በአዲስነቱ ሳይሆን በርግጫችን ነው።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው ጠረጉ። «ላለፉት ሁለት ፈተናዎች የተዘጋጀሽው በእኔ ደብተር ነው?»

«ደብተሩ መጥፎ አይደለም።»

«የጠየቅኩሽን መልሺልኝ።»

«አዎ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ምን ብዬ ልንገርዎት?»

የምሳ ሰዓት አለቀ፤ እሷ ወደ ክፍሏ ገባች። መምህሩም ተነስተው ሄዱ። ሊወስዱ የመጡትን መድኃኒት ረስተውት ስለነበር ከመስኮቴ አምጥቼ እስከ በሩ ሮጬ ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ መስኮቴን ስዘጋ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር በእጃቸው ጽፈው መጥተዋል፤ ከእያንዳንዱ አንድ ቃል አጉድለዋል። የመጀመሪያዎቹን ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ስለ ነገሥታትና ስለ ፍልስፍና የሚያወሩ፣ ራሴም የማልጨርሳቸው ነበሩ። እህት ዓለም አንብባ ሳቀችና «ወንድም ጋሼ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ስለ አልጋና ስለ መርፌ ይጻፉልኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የሚጽፉት ስለ አልጋ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ዘገየ አውቶቡስና ስለ ጎረቤት ሆነ። ቃሎቹ ግን ያው ከደብተራቸው ናቸው፤ አሁን ቤት ተሠርቶላቸው ነው የመጡት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ እንዲህ ተለማመዱ። ሰዓት ይይዙላታል። ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈቅዱም። አልሆን ያላትን ምልክት አድርጋበት ታልፋለች፣ መጨረሻ ላይ ትመለስበታለች። ስትስት «ምን አልሽ?» አይሏትም፤ «ለምን እንዲያ አሰብሽ?» ይሏታል። ይህን ጥያቄ እኔ በተማሪነቴ ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ለፈተና የምትቀመጡ ሁሉ፣ ከዚህ አግዳሚ ተማሩ። ቃል ማወቅ መልካም ነው፤ ብቻውን የተሸመደደ ቃል ግን የፈተናው ክፍል በር ላይ ጥሏችሁ ይጠፋል። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሱ ወደ መልሱ አትሩጡ። ትንንሾቹን ቃላት አትናቁ፤ ነገሩን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። ምርጫው ሳያባብላችሁ የራሳችሁን መልስ ያዙ። ይህን የለመደ ሰው ፈተና ለማለፍ ብቻ ሳይሆን ውል ሲፈርም፣ የሐኪም ትእዛዝ ሲያነብ፣ ሰው ሲያማክረውም ይጠቀምበታል።

ውጤቱ የተለጠፈው ከፈተናው በኋላ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት በማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ነው። መምህሩ ከሌሊት ጀምሮ ልብሳቸውን ለብሰው እንደተቀመጡ በኋላ ሰማሁ። አብረን ግድግዳው ጋ ስንደርስ ግን መጠጋት አቃታቸውና «ልጄ፣ አንተ እየው» አሉኝ። ማለፊያው ስድሳ ነው። እህት ዓለም ሰባ ስምንት አምጥታለች።

ወሬውን ይዘን ሴቶች ክፍል ስንደርስ ነርሶቹ እልል አሉ፤ መነሳት የሚችሉት በሽተኞችም አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አጨበጨቡ። ዋና ነርሷ የመምህሩን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! ያስተማሯት እርስዎ አይደሉ? ክብሩ የእርስዎ ነው!» አለቻቸው።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህንን ምስጋና ሲቀበሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ክፍሉን ሁሉ አዩ፣ ከዚያም በተማሪ ፊት እንደሚናገሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አይደለም ልጄ» አሉ። «እኔ ያስተማርኳትማ የወደቀችባቸውን ሁለቱን ጊዜ ነው።»

እህታቸው አንጥፋ ያልጨረሰችውን አንሶላ ጣል አድርጋ መጥታ አንገታቸውን አቀፈቻቸው።