ደንበኞቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ያቆሙት ልብስ ሰፊ

ያን ዕለት ወደ አጎቴ ሱቅ የሄድኩት ቀሚስ ለማሳጠር እንጂ ማንንም ለመምከር አልነበረም። ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ጋ ስደርስ አጎቴን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰው እየጠበቁ መሆናቸውን ነገሩኝ። ማንን ስላቸው ትንሽ አሰቡና፣ "ትንፋሼን" አሉኝ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሃምሳውን ሱሪ ሲሰፉ ኖረዋል። የሚሊሜትር ስሕተት ስለማይታገሡ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሽ ሚሊ" ይላቸዋል። ልደግፋቸው ስል እጄን ገፋ አደረጉት፤ የብረቱን መደገፊያ ይዘው፣ በየሦስት ደረጃው እየቆሙ ወጣን።

ሱቅ እንደገባን አንድ ወፍራም ደንበኛ ተከትሎን መጣ። አጎቴ ጫማውን አስወለቁና ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ አወጡት። የሰውዬው ራስ ከአምፖሉ ጋር ሊጋጭ አንድ ስንዝር ቀረው። ግድግዳውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፈነ። አጎቴ እንደቆሙ የሱሪውን ቁመት ለኩለት።

የአጎቴ ልጅ ከስፌት መኪናው ኋላ ሆኖ ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳኝ። ከወር በፊት አባቱ የአንድ ሰው ሱሪ ሊለኩ ተንበርክከው መነሣት አቃታቸው፤ ደንበኛው ብብታቸው ሥር ገብቶ አነሣቸው። ከዚያ ወዲህ፣ እኔ ወደ ደንበኛው ከምወርድ ደንበኛው ወደ እኔ ይውጣ ብለው ይህን ዘዴ አመጡ። ጠረጴዛ ላይ የቆመ ሰው ግን እንዳይወድቅ ፈርቶ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ሱሪው ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ አጎቴም አጠረ ብለው ያስረዝሙታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሱሪዎች መሬት እየጠረጉ ተመልሰዋል። ስለዚህ ልጁ ቆርጧል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሜትሩን እሱ ይረከባል፣ አባቱ በሩ አጠገብ ወንበር ተደርጎላቸው እንግዳ ይቀበላሉ።

"ለክብራቸው ነው" አለኝ።

አጎቴን አየኋቸው። አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር ጫፍና ጫፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል። ሰምተዋል።

ደንበኛው ሲሄድ በግልጽ ተናገርኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስፖርት ሳይንስ ነው፤ ጠዋት ጠዋትም በአንድ ጤና ጣቢያ ለአረጋውያን ዮጋና ቀላል የሰውነት እንቅስቃሴ አሠራለሁ። ሐኪም ምን እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። መገጣጠሚያዎ ደህና ነው፣ ጡንቻዎ ነው የሰነፈው ብሏቸው ኖሯል፤ እሳቸው ስድብ መስሏቸው ለማንም ሳይናገሩ ቀርተዋል።

"አራት ዓመት ሙሉ መዝለል ተምረሽ አሁን እኔን ልታስዘልዪኝ ነው?" አሉ።

"መዝለል የለበትም ጋሼ። ከወንበር መነሣት፣ መቀመጥ፣ በደንብ መተንፈስ፣ ቀስ ብሎ መንጠራራት ነው።"

"ያረጀ ሰውነት ያረጀ ጨርቅ ነው፤ ከጎተትሽው ይቀደዳል። ይህን ከእኔ ተማሪ።"

"እሺ፣ ከእርስዎ ልማር። ብዙ ዓመት ታጥፎ የተቀመጠ ጨርቅ መጀመሪያ የሚሳሳው የቱ ጋ ነው?"

ከፊታቸው ያለውን ጨርቅ አገላበጡ።

"እጥፋቱ ላይ" አለ ልጃቸው።

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

ከዚያ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አጎቴ መቀስ ሲፈልጉ ልጁ ያቀብላቸዋል፤ ክር ሲወድቅባቸው ያነሣላቸዋል፤ ብድግ ሊሉ ሲያስቡ ገና "አይነሡ አባዬ" ይላቸዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ አይነሡ ተባሉ። ለአጎቴ ልጅ ቁጥሩን ስነግረው ተቆጣ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ላሯሩጣቸው ወይ አለኝ። አታሯሩጣቸው፣ መቀሳቸውን ግን ራሳቸው ያንሡ አልኩት። ሽማግሌ ስናከብር እንዳይነቃነቅ እናደርገዋለን፤ መነቃነቅ ሲያቅተው ደግሞ እርጅና ነው ብለን እናዝንለታለን። ይህን ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ሁለቱም ተኮሳተሩ።

አጎቴ የቀራቸው መከላከያ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነበር። በስተርጅና መሬት ላይ እየተንከባለሉ ዮጋ መሥራት እንግዳ ነገር እንደሆነ፣ ጋሽ ሚሊ አበዱ እንደሚባል ነገሩኝ። መልስ መስጠት ሰለቸኝ። ወለሉ ላይ እግሬን አጣጥፌ፣ ጀርባዬን አቅንቼ ተቀመጥኩ።

"ይኸው፣ ዮጋ ከዚህ ይጀምራል" አልኳቸው።

አዩኝና ሳቁ። ከዚያ ለልጃቸው እንኳ ነግረውት የማያውቁትን ነገሩን። በልጅነታቸው ሙያ ያስተማሯቸው ልብስ ሰፊ ልክ እንዲህ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር፤ ጀርባቸው ከጎበጠ በእንጨት ማስመሪያ ይመቷቸዋል።

"ሰባት ዓመት እንዲህ ተቀምጬ ሰፍቻለሁ" አሉ። "ታዲያ አስተማሪው እኔ ነኝ አንቺ?"

"እርስዎ ነዎት። ትምህርቱን አቋርጠው ነው እንጂ።"

በማግሥቱ ጀመርን። የመጀመሪያውን ሳምንት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን አንበረከክኋቸው፤ እሳቸውም ልጃቸው ፊት ብርታታቸውን ለማሳየት ከእኔ ባሱ። ወገባቸው ተያዘ፣ ሁለት ቀን ተኙ። የአጎቴ ልጅ ደውሎ፣ ሜትሩን ዛሬውኑ ልረከብ ወይ አለኝ። ቤታቸው ሄጄ አልጋው አጠገብ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ እንዳጣደፍኳቸው ነገርኳቸው።

"አዲስ መቀስ የያዘ ሁሉ ለመቁረጥ ይቸኩላል" አሉኝ። "እንደገና እንለካ።"

እንደገና ለካን። ከወንበር እጅ ሳይደግፉ መነሣት፤ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ኋላ አሥር። መዳፍን ግድግዳ ላይ አድርጎ ክንድ ማጠፍ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ በአንድ እግር መቆም። በአፍንጫ አስገብቶ ቀስ ብሎ መተንፈስ። የሚወጋ ሕመም ሲመጣ ማቆም። ለመንበርከክ ደግሞ ከጉልበታቸው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ከምረን ክምሩን በየሳምንቱ አሳነስነው። ልጃቸው "አይነሡ" የሚለውን ቃል ከአፉ እንዲያወጣ አልተፈቀደለትም፤ ከሁላችን ከባዱ ሥራ የእሱ ነበር።

ሁለቱ ወር ባለቀበት ጠዋት አንድ ረጅም የአውቶቡስ ሾፌር ገባ። እንደለመደው ጫማውን አውልቆ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ አጎቴ፣ "እዚያው ቁም" አሉት። ስፒሎቹን በከንፈራቸው ያዙ። ተንበረከኩ፤ ከጉልበታቸው ሥር ባዶ ወለል ነበር፣ ምንም ጨርቅ አልተነጠፈም። አንዱን እግር ለኩ፣ ሰኩ፤ ሌላውን ለኩ፣ ሰኩ፤ አላመኑትምና መልሰው ለኩት። ልጃቸው ሊያነሣቸው ሲንደረደር እጅጌውን ያዝኩት። አጎቴ አንድ እግራቸውን አስቀደሙ፣ ተነፈሱ፣ እጃቸው ምንም ሳይነካ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሾፌሩ ምን እንደተፈጠረ አላወቀም፤ ሱሪው ለዓርብ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀ።

ይደርሳል ተባለ፤ ደረሰም። ከዚያ ወዲህ አንድም ሱሪ አልተመለሰም። አጎቴ ሦስቱን ፎቅ ሳያርፉ ይወጣሉ፤ ሌሊቱን ሳይቆራርጡ ይተኛሉ፤ ቢደናቀፉም ሚዛናቸውን ስለሚጠብቁ አይወድቁም፤ የጫማ ክራቸውንም ራሳቸው ያስራሉ። አሁን ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ታች ያለው ፀጉር አስተካካይና የልብስ ቁልፍ ሻጯ አሮጊት ይመጣሉ፤ አጎቴ ያሠሯቸዋል፣ ጀርባው የጎበጠውንም ይገሥጻሉ። ቤታችሁ ሽማግሌ ካለ መቀሱን አታቀብሉት፤ አብራችሁት ተነሡ።

ስለ ሜትሩ ልጃቸው ሾፌሩ የመጣ ዕለት ደፍሮ ጠይቋል። አጎቴ አልተቆጡም። "ና፣ ከእኔ ጋር ተንበርከክ" አሉት። "እጅህን ሳትደግፍ ቀድመኸኝ ከተነሣህ ያንተ ነው።" ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት መኪና ላይ የሚውለው የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ወደ ጎኑ ተንጋዶ የጠረጴዛውን እግር ያዘ።

በየጠዋቱ ይሞክራል። በርትቷል፤ አሁን አይወድቅም። ሜትሩ ግን እስከ ዛሬ አጎቴ አንገት ላይ ነው።