በመሳቢያ ተቆልፎ የከረመው ጥቅል

ኢዝራ ኮልዊን ሚል ክሪክ የተባለችውን የአሜሪካ ገጠር ከተማ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲመራ የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው፦ ጸያፍ ነገር በእጁ አልፎ አያውቅም። የታሸገ ደብዳቤ መክፈት ክልክል ነው። በርካሽ ቴምብር የሚላክ የታተመ ነገር ግን ሳይታሸግ፣ በክር ብቻ ታስሮ ስለሚመጣ ፈታ አድርጎ ያየዋል። ጸያፍ ከመሰለው በመሳቢያው ቆልፎ፣ በየሦስት ወሩ ለሚመጣው ተቆጣጣሪ ያቆየዋል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1929 አንድ ማክሰኞ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ከወረዳዋ ነርስ ከአዴላ ብራንት ጋር ድንገት ተገናኙ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ፣ ከሁለት ወር በፊት ከቺካጎ ለወይዘሮ ፍሊንት የላከችው ትንሽ መጽሐፍ ምን እንደዋጠው ጠየቀችው።

ሽማግሌው ክው አለ። ሽፋኑ ላይ የማሕፀን ሥዕል ያለበትን ያንን ጥቅል የላከው አንድ የቺካጎ ዱርዬ እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያን ከፊቱ የምትቀመጠው ልጅ ትሆናለች ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

“ምነው ልጄ፣ ይህን ባልሰማሁ” አላት። “መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው ሐሙስ ይመጣል፣ ከጠየቀኝ አልዋሽም። አምስት ዓመት ያስፈርድብሻል።”

“እናቶች ከወሊድ እስከ ወሊድ እንዴት እንደሚያርፉ ሐኪም የጻፈው ነው። ገልጠው አነበቡት?”

“ሽፋኑ በቃኝ።”

አሁን መደንገጥ የአዴላ ተራ ሆነ። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ጸያፍ ነገር በፖስታ እንዳይላክ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የመጠጥ ቤት የብልግና ሥዕልንና የሐኪም ምክርን በአንድ ገመድ እንደሚያስር አስረዳችው። እሱ ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም።

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ዛሬ ለሐኪም ብለን ብንከፍተው ነገ ዓሣማው ይገባል።”

“አጥሩ ይፍረስ አላልኩም አቶ ኮልዊን፣ በር ይውጣለት ነው ያልኩት። ሕጉ ሲወጣ እርስዎ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያኔ ሐኪም እጁን ሳይታጠብ ያዋልድ ነበር። እጅ መታጠብን ተማርን፣ ሕጉ ግን እንዳለ ቀረ።”

ኢዝራ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መጠበቅን እንጂ መመርመርን አልለመደም። ለዚህም ነው ቀጣዩ ጥያቄ ያልጠበቀው የሆነበት።

“ወይዘሮ ፍሊንት ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው” አለች አዴላ። “ይህ መጽሐፍ ምን ያደርግላቸዋል ብለው አላሰቡም?”

“ታዲያ ለማን ነው?”

አዴላ መሬት መሬት አየች። “ለሊዲያ። ስሜ በአባቴ መስኮት እንዳያልፍ ብላ በጎረቤቷ ስም አስላከችኝ።”

ሊዲያ የኢዝራ አንድ ልጁ ናት። አራተኛዋን ስትወልድ ልቧ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። ሐኪሙ አምስተኛ እርግዝና እንደሚገድላት ነግሯት ነበር፤ እንዴት እንደምትከላከል ግን ሕጉን ፈርቶ አልነገራትም።

ኢዝራ ፖስታ ቤቱ ተመልሶ መሳቢያውን ከፈተ። መጽሐፉን እንደቆመ ጨረሰው። የሚያሳፍር አንድ ቃል አጣበት፤ ያፈረው በራሱ ነው። ጥቅሉን ይዞ በእግሩ ወደ ልጁ ቤት ወጣ።

ሊዲያ ልብስ ታሰጣ ነበር። በእጁ የያዘውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

“አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለችው። እሱ ይቅርታ ሊጠይቃት ነበር የመጣው። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ “አሁንማ ምን ያደርጋል። ፀንሻለሁ” አለች።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው ሲመጣ መሳቢያው ባዶ ነበር። ኢዝራ በውስጡ የነበረውን መጽሐፍ ለታሰበላት ሴት ማድረሱን ሳይደብቅ ነገረው። በዚያው ቀን ዋሽንግተን ላለው የአካባቢው የምክር ቤት እንደራሴ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

“ሕጉ ብልግናን ከሕክምና ይለይ። ያን ጊዜ ሐኪም ሳይፈራ ይናገራል፣ እናት አርፋ ትወልዳለች፣ ሕፃናትም እናት አልባ አይቀሩም። ሴት ልጅም ከገዛ አባቷ አትደበቅም። የእኔ ልጅ በየካቲት ትወልዳለች፤ ሐኪሙ ስለ መትረፏ እርግጠኛ አይደለም። ሽፋን አይቼ የፈረድኩት እኔ ነኝ።”

ስሙን ከፈረመ በኋላ ደብዳቤውን አላሸገውም። ከሚል ክሪክ እስከ ዋሽንግተን ያለ የፖስታ ሠራተኛ ሁሉ ፈትቶ እንዲያነበው በክር ብቻ አሰረው።