ከቀለሙ በታች

ወደ ጻካኔ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንዲት ባለሱቅ ሴትና መኪና የሚቀባ ወንድሟ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ጉልበቴ ቢከዳኝም ወሬ ሲሆን ጆሮዬ ገና ጎረምሳ ነው።

«ባኪዋን፣ ያቺን ፒካፕ መኪና፣ ዛሬ ካልገዛኋት ሻጩ ለሌላ ሰው ይሸጣታል። ያለኝን ሁሉ ይዤ ነው የምሄደው፤ ተጋጭታ ከሆነ ጉዴ ፈላ!»

«መለኪያ ይዣለሁ አልኩሽ እኮ! የቀለሙን ውፍረት ይናገራል፤ ከወፈረ ተጠግና እንደገና ተቀብታለች ማለት ነው።»

«አምና የባሌን መኪና የለካህበት ነው?»

«አይ፣ ያ ኤዲ ከረንት በሚሉት የኤሌክትሪክ ዘዴ ብቻ የሚለካ ነበር። ለአሉሚኒየም እንጂ ለብረት አይሆንም። በሩ ላይ ዝም ሲል፣ ደህና ነው ብዬ…»

«በሩማ ግማሹ ስቱኮ ነበር!»

«ይሄኛው ሁለቱንም ይችላል። የአሉሚኒየሙን ኮፈን በኤዲ ከረንት፣ የብረቱን በር በማግኔት ይለካል።»

«ይሄም ዝም ቢልስ?»

«መጀመሪያ ቀለም በሌለው ብረትና አሉሚኒየም ላይ እሞክረዋለሁ። እዚያ ካልሠራ አንገዛም፤ አለቀ።»

«ሰውየው ግን ቀለሟ ተነክቶ አያውቅም ብሎ ይምላል።»

«ይማላ! እህት ዓለም፣ ተቀብቶ አዲስ የመሰለ አሮጌ ነገር ከዚህ መሣሪያ አያመልጥም።»

እኔም ቀስ ብዬ ትናንት ያስቀባሁትን ፀጉሬን በቆቤ ሸፈንኩ።